የኤሊስን ዘፈኖች ከሳቢነ ሞት በፊትና በኋላ እንዴት እንስማቸው

ሰሞኑን አንድ የሰፈሬ ልጅ ሜታል መስማት እፈልጋለሁ ግን ጩኸት ብቻ የሆነው አይመቸኝም፣ ሐዘን ያለበት ነገር ንገረኝ አለኝና ኤሊስ የሚባል ባንድ አለ እሱን ፈልግ ብዬ ስሙን ብቻ ነገርኩት። ከሁለት ቀን በኋላ ሲመጣ ግራ ተጋብቷል። «ዘፋኟ ስንት ናት? አንዱ ዘፈን ላይ አንዷ ናት፣ ሌላው ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ነው የሚመስለኝ፣ የቷ ናት ዋናዋ?» ሲለኝ ሳላስረዳው መላኬ ልክ እንዳልነበረ ገባኝ። ይሄን ባንድ ስሙን ብቻ ሰጥቶ መተው አይቻልም፣ ታሪኩን ሳያውቁ እየዘለሉ ከሰሙት ግማሹ ብቻ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ለሱ ያስረዳሁትን እዚህም ልጻፈው፣ የቱን አልበም ከየቱ በኋላ እንደምትሰሙ፣ ስትሰሙ ምን ላይ ጆሮ እንደምትሰጡ፣ የት ጋ ቆም እንደምትሉ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ታሪኩ ባጭሩ ይሄ ነው። ኤሊስ የሊክተንስታይን ባንድ ነበር። ሊክተንስታይን ማለት በስዊዘርላንድና በኦስትሪያ መሀል ያለች፣ ሁለመናዋ 160 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነች፣ ጀርመንኛ የምትናገር አገር ናት፣ ዋና ከተማዋ ቫዱዝ ነው። ከእንደዚህ አይነት ትንሽ አገር ናፓልም ሬከርድስ በሚባለው የኦስትሪያ ትልቅ የሜታል ካምፓኒ አልበም እያወጣ በአውሮፓ የሚታወቅ ባንድ መውጣቱ ራሱ ያስገርማል። ድምፃዊቷ ሳቢነ ዱንዘር ነበረች። ሁለት አልበም አውጥተው ሶስተኛውን እየሰሩ ሳለ ጁላይ 2006 ላይ ልምምድ ላይ እንዳሉ ወደቀች፣ በማግስቱ ጁላይ 8 አረፈች። አንጎሏ ውስጥ ደም ፈሶ ነው የሞተችው፣ 29 ዓመቷ ነበር። የሶስተኛውን አልበም ድምፅ ግን ከዛ በፊት ቀርፃ ጨርሳ ነበር። ባንዱ አልፈረሰም፣ አልበሙን አወጣው፣ ሳንድራ ሽሌሬት የምትባል ኦስትሪያዊት ድምፃዊት አስገብቶም ቀጠለ። ልጁ የሰማቸው ሁለት ድምፆች የነሱ ናቸው፣ የሳቢነና የሳንድራ።

እንግዲህ መስማት ከመጀመራችሁ በፊት በከንቱ እንዳትደክሙ መጀመሪያ ስለ ፍለጋው ልንገራችሁ። ዩቲዩብ ላይ ይሁን ስፖቲፋይ ላይ ኤሊስ ብላችሁ ብቻ ከፈለጋችሁ የሚመጣላችሁ ኤሊስ ሬጂና ናት፣ የብራዚል ትልቅ ዘፋኝ ነበረች፣ በራሷ ግሩም ናት ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ከስሙ ጋር የአልበሙን ስም ጨምሩበት፣ ወይም ጎቲክ ሜታል የሚለውን ቃል። ሌላው ሸፍል የሚለውን አጥፉት፣ በቃ በፍፁም በሸፍል እንዳትሰሙ፣ ልጁን ያደናገረው እሱ ነው፣ የ2009 ዘፈን ከ2003 ዘፈን ቀጥሎ ሲመጣ ታሪኩ ይበጣጠሳል። አልበም በአልበም ሙሉውን፣ ከተቻለ በኢርፎን፣ ምክንያቱም የስልክ ስፒከር ቤዙን ስለሚበላው ከታች ያለው ክብደት ይጠፋና ዘፈኑ ተራ ፖፕ ይመስላችኋል።

ጎቲክ ሜታል ለማታውቁ ደግሞ ትንሽ ጆሮ ማሟሻ ያስፈልጋል። ፓራዳይዝ ሎስት የሚባል የእንግሊዝ ባንድ በ1991 ጎቲክ የሚል አልበም አወጣ፣ የዘውጉም ስም ከዛ ጋር ነው የሚያያዘው፣ እዛ ላይ ከከባዱ የወንድ ድምፅ ጎን የሴት ድምፅ ገባ። ከዛ በ1993 ኖርዌይ ውስጥ የተመሰረተው ቲያትር ኦፍ ትራጀዲ ይሄንኑ ወስዶ ዋና ነገሩ አደረገው፣ ሊቭ ክሪስቲን በስሱ ስትዘፍን ሰውየው ከጉሮሮው ስር ያጉረመርማል፣ ሁለቱ እየተቀባበሉ። ኤሊስም የመጣው ከዚህ ዘር ነው፣ ግን እነሱ ጋ ሚዛኑ ወደ ሴቷ ድምፅ በጣም ያደላል፣ የወንዱ ማጉረምረም አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው፣ ጊታሮቹ ከባድ ናቸው ግን ዜማው ቶሎ ይያዛል። ለዛ ነው ለጀማሪ ጥሩ የሚሆነው። አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ፣ በዚህ ዘውግ ድምፃዊቷ ብዙ ጊዜ የባንዱ ፊት ናት፣ ፖስተሩ ላይ መሀል የምትቆመው እሷ ናት፣ ሰው ባንዱን የሚያውቀው በሷ ድምፅ ነው። ስለዚህ ድምፃዊት ስትሞት ባንዱ የሚያጣው ከአምስት ሰው አንዱን አይደለም፣ ሰው ባንዱን የሚያውቅበትን ነገር ነው።

አሁን ጀምሩ። የመጀመሪያው በ2003 የወጣው ጎድስ ሳይለንስ ዴቭልስ ቴምፕቴሽን የሚለው ነው፣ የእግዚአብሔር ዝምታ የሰይጣን ፈተና እንደማለት። እዚህ ላይ ብዙ አታስቡ፣ ዝም ብላችሁ የሳቢነን ድምፅ ልመዱት፣ የዚህ አልበም ስራው እሱ ነው። እንግሊዝኛም ጀርመንኛም ትዘፍናለች፣ ጀርመንኛ ስትዘፍን ለኔ የበለጠ እቤቷ ያለች ትመስለኛለች፣ ቃሎቹ ባይገቡኝም አፏ ላይ ሲቀመጡ ይሰማኛል። ድምፅዋ ኦፔራ ኦፔራ አይልም፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ንፁህ ነው፣ አታጋንንም፣ ጊታሮቹ ሲከብዱ እሷ አብራ አትጮህም፣ ባለችበት ትቆያለች። ይሄን ልብ በሉት ኋላ ላይ ሳንድራ ስትመጣ ልዩነቱ የሚገባችሁ በዚህ ነው።

ሁለተኛው በ2004 የወጣው ዳርክ ክላውድስ ኢን ኤ ፐርፌክት ስካይ ነው፣ ጥርት ባለ ሰማይ ላይ ጥቁር ደመና። ከመጀመሪያው በጣም ይሻላል፣ ባንዱ ራሱን ያገኘበት ነው ብዬ አስባለሁ፣ ዜማዎቹ ጠንክረዋል እሷም ይበልጥ በራሷ ተማምናለች። እዚህ አልበም ላይ ዴር ሌትስተ ታግ የሚባል ዘፈን አለ፣ ትርጉሙ የመጨረሻው ቀን ማለት ነው፣ እንግዲህ ታሪኩን አውቃችሁ ስትሰሙ ይሄ ርዕስ ደረታችሁን ሊይዛችሁ ይችላል፣ እኔንም ይዞኛል። ግን እባካችሁ እንደ ትንቢት አትስሙት። የአልበሙ ርዕስም ቢሆን እንደዛው፣ ጥርት ባለ ሰማይ ላይ ጥቁር ደመና ሲባል ሰው ወዲያው «አውቃው ነበር» ይላል። አላወቀችም። ጎቲክ ሜታል የሚዘፍን ሰው ስለ ሞት ይዘፍናል፣ የዘውጉ ወግ ነው፣ የፍቅር ዘፋኝ ስለ መለየት እንደሚዘፍነው ማለት ነው። በ2004 ገና ሁለት ዓመት ከፊቷ ነበራት፣ የዘፈነችው እንደ ዘፋኝ ነው እንጂ ሟች ሆና አይደለም። ይሄን ደጋግሜ የምለው ቀጥሎ ያለውን አልበም በትክክል ለመስማት ይሄ ስለሚያስፈልግ ነው።

ከሁለተኛው በኋላ ወዲያው ሶስተኛውን አትክፈቱ። ይሄ የኔ ምክር ነው፣ አንድ ቀን አሳድሩት። በነዛ ሁለት አልበሞች ድምፅዋን በደንብ እስክትለምዱት፣ መንገድ ላይ ስትሄዱ ሳታስቡት አፋችሁ ላይ እስኪመጣ ቆዩ። ያላወቁት ሰው ሲሞት ዜና ነው፣ ድምፁን የለመዱት ሰው ሲሞት ግን ሌላ ነው፣ የባንዱ አድማጮች በጁላይ 2006 የሆኑትን ለመሆን ትንሽም ቢሆን መልመድ ያስፈልጋል።

ግሪፍሻየር። ኖቬምበር 2006 የወጣው። ስሙን ስትሰሙት ግሪፍ ማለት ሐዘን ነው፣ ሻየር ደግሞ እንግሊዞች ዮርክሻየር ሲሉ እንደሚጨምሩት አይነት ነው፣ አውራጃ እንደማለት፣ አብሮ ሲነበብ የሐዘን አውራጃ። ሙሉ አልበሙ ይሄን ስም የያዘች የፈጠራ ቦታ ላይ የተሰራ ነው፣ ዘፈኖቹ እየተያያዙ አንድ ታሪክ ያወራሉ፣ ዲ ሽታት የሚለው ዘፈን ለምሳሌ ከተማው ማለት ነው። አልበሙን ፕሮዱስ ያደረገው አሌክሳንደር ክሩል ነው፣ አትሮሲቲ የሚባለው የጀርመን ሜታል ባንድ ሰውዬ፣ እና ድምፁ ከፊተኞቹ የበለጠ ወፍራምና የተደራረበ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ እኔም ድሮ ተሳስቼ ነበር። አልበሙ ከሞቷ በኋላ ስለወጣ፣ ስሙም የሐዘን አውራጃ ስለሆነ፣ ሰው የሚሰማው እንደ ሙሾ ነው። እኔ ራሴ መጀመሪያ ስሰማው ባንዱ ለሷ ብሎ የሰራው መስሎኝ ነበር። እንደዛ አይደለም። ይሄ አልበም ላይ ለሷ የተለቀሰ አንድም እንባ የለም፣ ሊኖርም አይችልም፣ ምክንያቱም የምትዘፍነው ራሷ ናት፣ በሕይወት ሆና፣ አልበሙ ሲወጣ መድረክ ላይ እንደምትዘፍነው እያሰበች። ስቱዲዮ ገብታ ያልጣማትን ሀረግ ደግማ፣ የጣማትን አስቀምጣ፣ ጨርሳ ወጥታለች። የተሟላ ስራ ነው እንጂ ከተረፈ ነገር የተጠጋገነ አይደለም። ባንዱ ያደረገው ትልቁ ነገር ደግሞ ይሄን ማክበሩ ነው፣ ድምፅዋን ከአልበሙ ላይ አላጠፉትም፣ በሌላ ሰው አልተኩትም፣ እሷ እንደዘፈነችው ለሰው ሰጡት ለሷም መታሰቢያ አደረጉት።

ስለዚህ ግሪፍሻየርን ሁለት ጊዜ ስሙት ነው የምለው። የመጀመሪያውን ጊዜ የቀኑን ነገር ለመርሳት ሞክሩ፣ እንደ ሶስተኛ አልበም ስሙት፣ ከ2004 ወዲህ ምን አሻሻሉ፣ ድምፅዋ ወዴት ሄደ፣ ዘፈኖቹ ከዘፈን ወደ ዘፈን እንዴት ይያያዛሉ እያላችሁ። ለሷ የሚገባት አክብሮት ይሄ ይመስለኛል፣ ዘፋኝ ናትና መጀመሪያ ዘፈኗን መመዘን። ከፈለጋችሁ የጀርመንኛዎቹን ግጥም ኦንላይን አውጥታችሁ በጉግል ተርጉማችሁ ከፊታችሁ አስቀምጡት፣ ትርጉሙ ሸካራ ቢሆንም ታሪኩን ለመከተል ይረዳል። ሁለተኛውን ጊዜ ደግሞ ሁሉን እያወቃችሁ ስሙት፣ ያኔ ማንም አይከለክላችሁም፣ የሚመጣው ይምጣ። ፎኒክስ አውስ ዴር አሸ የሚል ዘፈን አለበት፣ ከአመድ የተነሳው ፊኒክስ፣ ያ ተቃጥሎ ከአመዱ ውስጥ እንደገና ይነሳል የሚባለው ወፍ። በመጀመሪያው ጊዜ የታሪኩ አንድ ክፍል ነው፣ በሁለተኛው ጊዜ ግን ከዛ በኋላ ባንዱ ምን እንደሆነ እያወቃችሁ ስለሆነ የምትሰሙት፣ እኔ ያንን ዘፈን ሰምቼ ወዲያው ወደሚቀጥለው ማለፍ አልችልም፣ ትንሽ ዝም እላለሁ።

አልበሙ ሲያልቅ ኢርፎኑን አውልቁ። እዚህ ጋ ነው ቆሙ ያልኳችሁ። የሚቀጥለው ድምፅ የሳንድራ ነው፣ ከሳቢነ ወደ ሳንድራ በአንድ ትንፋሽ ከዘለላችሁ ሳንድራን ትበድሏታላችሁ፣ ጆሮአችሁ የለመደውን ይፈልግና እሷን በሌላ ሰው ጫማ ይለካታል። እኛ ቤት ሰው ሲሞት ሬዲዮ ይዘጋል፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ጨርቅ ይጣላል፣ እናቴ እስከ አርባው ድረስ ሙዚቃ አታስከፍትም ነበር፣ እኔ በዛ ስላደግኩ ሰው ሞቶ በወራት ውስጥ ባንድ መድረክ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር። አሁን እንደዛ አላየውም፣ ለነሱ ሙዚቃው ራሱ ለቅሶ ቤቱ ነው። ግን ለአድማጭ ያቺ የዝምታ ጊዜ ጥሩ ናት ብዬ አምናለሁ፣ አንድ ሳምንትም ይሁን።

እስከዛው ድረስ ሳንድራ ማን እንደነበረች እወቁ፣ ምክንያቱም ከመንገድ የተገኘች አይደለችም። ድሪምስ ኦፍ ሳኒቲ የሚባል የኦስትሪያ ባንድ ድምፃዊት ነበረች፣ በ1997 ኮሞዲያ በ1999 ማስካሬድ የሚሉ አልበሞች ያወጡ፣ ኮሞዲያ የጣሊያናዊውን ገጣሚ የዳንቴን የሲኦልና የገነት ጉዞ የተከተለ ነው። ማለትም ኤሊስ ገና ሳይኖር እሷ በዚህ ዘውግ ውስጥ ስም ነበራት። ኤሊስን ከመስማታችሁ በፊት ከነዚህ አንዱን ስሙ፣ ማስካሬድ ይሻላል ለመጀመሪያ። ይሄን የማደርገው ለምን መሰላችሁ፣ ሳንድራን መጀመሪያ በራሷ ቤት እንድታውቋት ነው። ድምፅዋ ከሳቢነ ይሰፋል፣ ቲያትር አለበት፣ ትወናው ድምፅዋ ውስጥ ነው፣ ሳቢነ ቀጥ ብላ የምትሄድበትን እሷ ትወጣለች ትወርዳለች። አንዷ ከአንዷ ትሻላለች የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም አትግቡበት። እኔ ልቤ ወደ ሳቢነ ያደላል፣ ያ ግን ስለ ሳንድራ የሚናገረው ነገር የለም።

በ2007 ሾው ሚ ዘ ዌይ የሚል ኢፒ፣ ማለት ከሙሉ አልበም ያጠረ ስራ፣ ወጣ፣ ከሳንድራ ጋር የመጀመሪያው ነው። ስሙ ደግሞ ግሪፍሻየር ላይ ሳቢነ ከዘፈነችው ዘፈን የተወሰደ ነው፣ መንገዱን አሳየኝ ማለት ነው። ለኔ የባንዱ ታሪክ ማጠፊያው ይሄ ነው፣ ትንሽ ነገር ስለሆነ ሰው ይዘለዋል፣ እናንተ አትዝለሉት። አዲሷ ሴት የገባችው የራሷን ነገር ይዛ አይደለም፣ የሟቿ ዘፈን ስም ከፊት ተለጥፎ ነው፣ በሩ ላይ ቆማ ቤቱ የማን እንደሆነ አውቃ እንደገባች ነው የሚሰማኝ። ከዚሁ ጋር ዩቲዩብ ላይ ሳንድራ መድረክ ላይ የግሪፍሻየርን ዘፈኖች ስትዘፍን የሚያሳይ ቪዲዮ ካገኛችሁ እዩት፣ ጥራቱ ቢቀንስም ችግር የለውም። እያንዳንዱን ዘፈን መጀመሪያ በሳቢነ ቀጥሎ በሳንድራ ስሙት፣ ያው ዜማ ነው ያው ቃል ነው፣ ሳንድራ የት ጋ ትታዘዛለች የት ጋ የራሷን ታደርጋለች የሚለውን ተከታተሉ። ሰው ሆኖ ማሰብ ነው፣ አንዲት ሴት አንድም ጊዜ ራሷ ያልቀረጸችውን አልበም ይዛ፣ የሞተችውን ልጅ ለመስማት የመጣ ሰው ፊት ስትቆም። ብዙ ዘፋኝ እሺ አይልም ነበር።

ባንድ ላላችሁ ወይም ሰው ላጣችሁ ጓደኞች ለይቼ አንድ ነገር ልበል፣ ዜማውን ትታችሁ ቅደም ተከተሉን እዩት። መጀመሪያ የሞተችው ሰው የጀመረችውን ጨረሱ፣ እሷ እንደተወችው። ሁለተኛ ሳንድራን ሲያስገቡ ተተኪ ናት ብለው አላወጁም፣ ለጊዜው ነበር፣ አልበሙን መድረክ ላይ ለማገዝ። ሶስተኛ በ2007 ነው ቋሚ የሆነችው፣ አብረው ከሰሩ ከተዋወቁ በኋላ፣ ያኔም በትንሽ ኢፒ ነው የጀመሩት። ሙሉ አልበም ያወጡት በ2009 ነው። ሳቢነ እያለች አልበሞቹ በ2003 በ2004 በ2006 ነው የወጡት፣ ከግሪፍሻየር እስከሚቀጥለው ግን ሶስት ዓመት፣ ከዛ በፊት እንደዛ ቆይተው አያውቁም። እኔ ከዚህ የማነበው አልቸኮሉም የሚለውን ነው። ጊታሪስቶቹ ፒት ሽትራይትና ዩርገን ብሮገር፣ ቤዙን የሚጫወተው ቶም ሳክሰር፣ ከመጀመሪያው አልበም ጀምሮ ከሷ ጋር የነበሩ ሰዎች ናቸው፣ አንድ ልምምድ ክፍል ውስጥ አብረዋት ነው ዓመታት ያሳለፉት፣ የወደቀችውም ልምምድ ላይ ነው። ተመልሶ ጊታር ማንሳት ራሱ ስንት ቀን እንደሚፈጅ መገመት አያቅትም።

የ2009ኙ አልበም ካታርሲስ ይባላል። የግሪክ ቃል ነው፣ መንጻት ማለት ነው፣ አርስቶትል ስለ ቲያትር ሲጽፍ የተጠቀመበት፣ ሰው አሳዛኝ ትርኢት አይቶ ውስጡ ያለው ፍርሃትና ሐዘን ወጥቶለት ቀለል ሲለው ያ ነው። ግሪፍሻየር ላይ ሙሾ የለም ብያችሁ ነበር፣ ባንዱ ከሐዘኑ ወዲህ ከዜሮ ተነስቶ የሰራው የመጀመሪያው ሙሉ አልበም ይሄ ነው፣ ርዕሱም ይሄ ነው፣ እንግዲህ ለቅሶውን የምትፈልጉት እዚህ ነው። ስትሰሙት የምትሰሙት ሙሉ በሙሉ የሳንድራን አልበም ነው፣ ለሷ ድምፅ የተሰራ፣ ጊታሩም ከበድ ብሏል፣ ሰፊ ድምፅዋን ይችለዋል። ከሳቢነ ጋር ማወዳደሩን እዚህ ላይ ተዉት፣ ኢፒው ላይ አወዳድራችኋል በቃ። አልበሙ ከግሪፍሻየር ያንሳል የሚሉ አሉ፣ እኔ ዜማ ላይ በተወሰነ እስማማለሁ፣ ግን ተሰብሮ የተጠገነ ነገር ድምፅ አለው፣ ስፌቱ ይሰማል፣ ያንን ግሪፍሻየር ላይ አታገኙትም። ከካታርሲስ በኋላ ሌላ ሙሉ አልበም አላወጡም። ይሄን ሰምቶ «ታዲያ ምን ቀጠሉ» የሚል ሰው አጋጥሞኛል፣ እኔ በፍፁም አልስማማም፣ አንድ ኢፒና አንድ አልበም ከእንደዛ አይነት ቀን በኋላ ትንሽ አይደለም።

መቀጠል ግዴታ ነው እያልኩ አይደለም ደግሞ። ታይፕ ኦ ኔጋቲቭን ውሰዱ፣ የብሩክሊን ትልቁ የጎቲክ ሜታል ባንድ፣ ድምፃዊው ፒተር ስቲል ኤፕሪል 14, 2010 ሲሞት የቀሩት በዛው ዓመት አበቃ አሉ፣ ልክ ናቸውም፣ የሱ ድምፅ የሱ ቤዝ የሱ ግጥም ነበር ያ ሁሉ። ጆይ ዲቪዥን ደግሞ ሜታል ባይሆንም የጎቲክ ነገር ሁሉ አያት ነው፣ ድምፃዊው ኢያን ከርቲስ በሜይ 1980 በ23 ዓመቱ ራሱን ሲያጠፋ የቀሩት ቀጠሉ ግን ስሙን ጥለው ኒው ኦርደር ተባሉ፣ ስሙ ከሱ ጋር ተቀበረ። ሌላ መንገድ የሄደው ፊንላንዳዊው ዩሃ ራይቪዮ ነው፣ ትሪስ ኦፍ ኢተርኒቲ በሚባለው ባንድ አብራው የነበረችው አሊያ፣ የባንድም የሕይወትም ጓደኛው፣ በኤፕሪል 2016 በካንሰር ሞተች፣ ተቀርጾ ያለቀውን አልበም በዛው ዓመት ኖቬምበር አወጣው፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሃላታር የሚባል ሌላ ባንድ ሰርቶ እሷ የተወቻቸውን ግጥሞች ዘፈን አደረጋቸው፣ አሞርፊስ የሚባለው የፊንላንድ ባንድ ድምፃዊ ቶሚ ዮውትሰን ነው የዘፈናቸው። ኤሊስን ጨርሳችሁ ሌላ ከፈለጋችሁ ወደዚህኛው ሂዱ፣ ግን ጠንካራ ቀን ምረጡ፣ ያ አልበም ከኤሊስ የበለጠ ይከብዳል።

ኤሊስ ግን ስሙንም ባንዱንም ይዞ ነው የቀጠለው፣ ለምን እንደዛ እንደሆነ እኔ አንድ ግምት አለኝ፣ ለመጨረሻ ያቆየሁላችሁ አልበምም ከሱ ጋር ይገናኛል። ኤሊስ የሚለው ስም ከሜዳ አልመጣም። ከ2003 በፊት ከነዚሁ ሰዎች አንዳንዶቹ ኤርበን ደር ሾፕፉንግ በሚባል ባንድ ውስጥ ነበሩ፣ የፍጥረት ወራሾች ማለት ነው፣ ኦሊቨር ፋልክ የሚባል ሰው የመሰረተው፣ ሳቢነም ድምፃዊቱ ነበረች። በ2001 ትዋይላይት የሚል አልበም አወጡ። ከዛ ከመስራቹ ጋር ተለያዩ፣ ስሙም እዛው ቀረ። ማለት ይሄ ባንድ ሰው ከማጣቱ በፊት ስም አጥቶ ያውቃል፣ አንዴ ሁሉን ትቶ እንደ አዲስ ተነስቷል። እና አዲሱን ስም ከየት አመጡት፣ ትዋይላይት ላይ ካለ ዘፈን ነው፣ ዘፈኑ ኤሊስ ይባላል፣ የምትዘፍነውም ሳቢነ ናት። ሰዎቹ ከሷ በኋላ ስሙን አልቀየሩም ሲባል እንግዲህ የያዙት ስም እሷ የዘፈነችው ዘፈን ስም ነው፣ ሳንድራ መድረክ ላይ «እኛ ኤሊስ ነን» ባለች ቁጥር የሳቢነን ዘፈን ነበር የምትጠራው።

ለዛ ነው ትዋይላይትን መጀመሪያ ላይ እንድትሰሙት ያልነገርኳችሁ፣ በዓመት ቅደም ተከተል ቢሆን እሱ ነበር መቅደም ያለበት። ሲፈለግ አስቸጋሪ ነው፣ ትዋይላይት ስትሉ የቫምፓየሩ ፊልም ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ኤርበን ደር ሾፕፉንግ (Erben der Schöpfung) ብላችሁ በጀርመንኛው ፈልጉ። ከሙሉ አልበሙ በፊት ያንን አንድ ዘፈን ብቻ አውጡ። ኪቦርዱ ከኋለኞቹ አልበሞች የበለጠ ኤሌክትሮኒክስ ኤሌክትሮኒክስ ይላል፣ ጊታሮቹም ያን ያህል አልከበዱም። ከካታርሲስ ወዲህ የሳቢነን ድምፅ ስትሰሙ ይሄ የመጀመሪያችሁ ይሆናል፣ በጣም ልጅ ናት፣ ኤሊስ ስትል አንድ ቀን የባንዷ ስም እንደሚሆን ገና አታውቅም።